ማተሚያ ቤትና አሳታሚ

«አሳተመ» የሚለው ግስ በቅርጹ አስደራጊ ነው፤ አሳታሚም በጥሬ ፍቺው ሌላው እንዲያትምለት ያደረገ ሰው በመሆኑ፣ የኅትመቱን ወጪ የቻለ ሁሉ፣ ደራሲው ራሱ ጭምር፣ ስሙን ይወርሳል። ፈረንሳዮችና ቤልጂጎች «ባንድ ዴሲኔ» የሚሉት፣ ሥዕሎችን በተርታ ከንግግር ጋር አጣምሮ የሚተርክ ጥበብ ግን ያደገው በሌላ ዓይነት አሳታሚ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ማርሲኔል በተባለች የቤልጂግ ከተማ በማተሚያ ቤትነት የተነሣው ዱፑዊ በ1938 «ስፒሩ» የተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት «ሮበዱስ» በሚል ስም ደችኛ እትም ጨመረለት። በዚህ ሥርዓት ሠዓሊው በመጽሔቱ በየሳምንቱ እየሠራ ይኖራል፤ ያለቀው ታሪክ ደግሞ በአልበም፣ ማለትም በአንድ ጥራዝ ተሰብስቦ፣ ዳግም ይሸጣል፤ ኪሳራው የአሳታሚው ነው። በ1946 ብራስልስ ላይ የተቋቋመው ሎምባርም «ታንታን» በተሰኘው መጽሔቱ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ሎምባርና ዱፑዊ ከፓሪሱ ዳርጎ ጋር ዛሬ በአንድ ባለቤት ሥር ሲሆኑ፣ በ1990 የተመሠረተው ላሶሲያሲዮን የተባለ አሳታሚ ግን የሠዓሊዎች የራሳቸው ነው።

በኢትዮጵያ የጎደለው ሥዕላዊ ትረካ አልነበረም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ፣ ከዘንዶው አርዌ እስከ ምኒልክ ንግሥና፣ በየሥዕሉ ግርጌ አጭር ጽሑፍ እያስከተለ የሚተርከው የሸራ ሥዕል በ20ኛው ክፍለ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት ይሣልና በተለይ ለውጭ አገር ሰዎች ይሸጥ ነበር፤ ይሁንና እያንዳንዱ ቅጂ እንደገና በእጅ የሚሣል ነበር። የኅትመት መሣሪያውም ቢሆን ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነበረ፤ የጎደለው አትርፎም ከስሮም ሠዓሊውን የሚያኖር አሳታሚ ነው። በደርግ ዘመን የተቋቋመው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ለልብ ወለድ ይህን ሚና ይዞ ነበር፤ ነገር ግን በ1975 ዓ.ም. ያወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ መሰብሰቡ የመንግሥት አሳታሚ ደፋር ሊሆን የሚችለው እስከ የት እንደሆነ አሳይቷል።

ሁሩታን በመሰሉ የኦሮሚያ ክልል የአርሲ ከተሞች ልጆች ሥዕልና ጽሑፍን በአንድ ገጽ የሚያገኙት በዋናነት በመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጃል። በመሆኑም የዱፑዊ የሁለት ቋንቋ ስሌት ከፓሪስ ይልቅ ለኦሮሚያ የሚቀርብ ይመስላል። በብስራት ደበበ የተመሠረተው ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ፣ ደራሲውና አሳታሚው አሁንም አንድ ሰው ነበሩ፤ ቀጥሎ የመጣችው ጀግና ግን «ሀዊ» የሚል የኦሮምኛ ስም ይዛለች።