ስኳር ድንች፦ ከመስኮት ጌጥ እስከ ክረምት ዘር



በአዳማ ብዙዎቻችን የምንኖረው በኪራይ ክፍል ወይም በኮንዶሚኒየም ነው። ግቢ ስለሌለን የምናሳድገው ተክል መስኮት ላይ የሚቆም መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዱ በብርጭቆ ውኃ ተቀምጦ ሐረጉን ወደ መጋረጃው ዘንግ የሚልክ ስኳር ድንች ነው። ብዙ ጊዜ ለቤት ማሳመሪያ እንይዘዋለን። ታሪኩን ስናጠና ግን ይህ ሐረግ ከጌጥ ያለፈ ጥቅም እንዳለው ተረዳን።

በመጀመሪያ ስሙ እንዳያሳስተን። ስኳር ድንች የድንች የቅርብ ዘመድ አይደለም። ሁለቱም መነሻቸው የአሜሪካ ምድር ቢሆንም ቤተሰባቸው የተለያየ ነው። ድንችን በ1858 ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የድንች ቅጠል መርዛማ ነው፤ የስኳር ድንች ቅጠል ግን ይበላል። ይህን ልዩነት ልጆቻችንም ሊያውቁት ይገባል።

ስኳር ድንች ከኮሎምበስ በፊት በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ይበቅል ነበር። ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ደግሞ በስፔንና በፖርቱጋል መርከቦች ወደ አውሮፓ፣ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ተሻገረ። በቻይና የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። በ1593 ቼን ዠንሎንግ የተባለ የፉጂያን ነጋዴ ከፊሊፒንስ ሲመለስ፣ ሐረጉን ከአገር ማውጣት ክልክል ስለነበር ከመርከብ ገመድ ጋር ገምዶ ደብቆ አሳለፈው ይባላል። በቀጣዩ ዓመት በፉጂያን ረሃብ ሲገባ የግዛቱ አስተዳዳሪ ሕዝቡ ይህን ተክል እንዲተክል አደረገ። ሰውየው የደበቀው ከረጢት ሙሉ እህል አልነበረም፤ ጥቂት ሐረግ ብቻ ነበር።

የታሪኩ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ጤፍና በቆሎ ዘራቸው በጆንያ ተቀምጦ ክረምትን ይጠብቃል። ገበሬው ስኳር ድንች የሚተክለው ግን ከለምለም ሐረግ ቆርጦ ነው። ሐረጉ በበጋ ከደረቀ፣ ዝናብ ቢመጣም የሚተከል አይኖርም። ስለዚህ የዚህ ተክል ታሪክ ሐረጉን ከዝናብ እስከ ዝናብ በሕይወት ያቆዩ ሰዎች ታሪክ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ሥራ በአመዛኙ የሴቶች ነው፤ በጓሮ፣ ውኃ በሚደፋበት ጥግ ጥቂት ሐረግ እያጠጡ ያቆያሉ። ስማቸው በመጽሐፍ ባይጻፍም ተክሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በእነሱ እጅ ነው።

በአገራችን ስኳር ድንች በወላይታ፣ በሲዳማና በሐረርጌ ብዙ ቤተሰብ የሚመገበው ምግብ ነው። በእኛም አካባቢ ታሪክ አለው። ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የተቋቋመው በ1969 ነው። በአገራችን ለገበሬ ከተለቀቁት የስኳር ድንች ዝርያዎች መካከልም ኮካ 6 እና ኮካ 12 የሚባሉ አሉ፤ ስማቸው የጎረቤታችን የቆቃ ስም ነው። በ2005 ደግሞ ከሐዋሳ ምርምር ውስጣቸው ብርቱካናማ የሆኑ ኩልፎ እና ቱላ የተባሉ ዝርያዎች ወጡ። ብርቱካናማው ስኳር ድንች ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አለው፤ 125 ግራም ያህሉ የአንድ ትንሽ ልጅን የቀን ፍላጎት ሊሸፍን ይችላል። በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን ከተቀበሉት አራት ሰዎች ሦስቱ የተሸለሙት በዚሁ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ሥራ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ የኬፕ ቨርዷ ማሪያ አንድራዴና አሜሪካዊቷ ጃን ሎው።

እኛም በመስኮታችን የድርሻችንን መሥራት እንችላለን። ያልቆሰለና ያልበሰበሰ ስኳር ድንች መርጠን፣ ሦስት አራት ስንጥር ሰክተን፣ ግማሹ ውኃ ውስጥ እንዲሆን በጠርሙስ አፍ ላይ እናስቀምጠዋለን። ውኃውን በየሦስት አራት ቀኑ እንቀይራለን። ብርሃን በሚገባበት መስኮት ማስቀመጥ፣ ሲያድግም በሲባጎ ወደ ላይ መምራት ነው። ከበረታ በኋላ ሦስት አራት አንጓ ያለውን ሐረግ ቆርጠን፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈን ውኃ ውስጥ ብናቆየው በጥቂት ቀናት ሥር ያወጣል። ከዚያ ታቹ በተበሳ የዘይት ጀሪካን፣ አፈርና ፍግ ቀላቅለን እንተክለዋለን። ብርጭቆ ውስጥ ለዘለቄታው የቀረው ሐረግ ግን ምግብ ስለሚያጣ ይከሳል።

ግቢ ያላቸው አባላት ሌላም መንገድ አላቸው። ጤናማ ሥሮችን በደረቅ አሸዋ ቀብሮ በጥላ ማስቀመጥ፣ ክረምቱ ሊገባ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲቀረው፣ በእኛ አገር በሚያዝያ ገደማ፣ መደብ ላይ ተክሎ ማጠጣት ነው። ሰኔ ሲደርስ የሚቆረጥ ሐረግ ይገኛል።

ለጋው ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። በታንዛኒያ ማተምበሌ ብለው የዘወትር ወጥ ያደርጉታል፤ በላይቤሪያና በሴራሊዮንም የታወቀ ምግብ ነው። ሆኖም መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ስለሚችል ለጌጥ ብቻ ተብሎ ከተሸጠ ተክል ቅጠል አንቅጠፍ። ሁሉንም ቅጠል በአንድ ጊዜ መቀንጠስም ተክሉን ያደክማል።

በሒሳብ አነጋገር ሐረጉ ዋና ገንዘብ ነው፤ ቅጠሉና ሥሩ ትርፍ። ትርፉን መብላት ይቻላል፤ ዋናውን የበላ ግን በሚቀጥለው ክረምት እጁ ባዶ ይሆናል። በቁጠባችን የምናውቀው ሕግ ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለአባላት እናቀርባለን፦ ሐረግ ያላት ለሌላት ሦስት ቁራጭ ትስጥ፤ የተቀበለችም ሲበረታላት ለሌሎች ሁለት አባላት ታካፍል። ማን ለማን እንደሰጠ በማኅበሩ መዝገብ እንጽፋለን። የአንዷ ሐረግ በበጋ ቢደርቅባት ከማን እንደምታገኝ ታውቃለች።