በዓይን ውስጥ ስለሚሰወር ጉድለት

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ቋንቋ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ኖኅ በተወለደ ጊዜ ገላውና ጠጕሩ ነጭ ስለ ነበረ አባቱ ላሜሕ ደንግጦ፥ ልጁ ከእርሱ ሳይሆን ከመላእክት የተወለደ መስሎት ወደ ማቱሳላ እንደ ሄደ ተጽፎ እናገኛለን። በእንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት የዓይን ሐኪም አርኖልድ ሶርስቢ፥ በ1958 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኖኅ አልቢኖ ነበረ የሚል አሳብ አቅርበዋል። በዚህ አሳብ ላይ ፍርድ መስጠት የእኛ ተግባር አይደለም። ነገር ግን መልክ ከተለመደው ሲለይ ጥርጣሬ ቶሎ እንደሚነሣ፥ ብዙ ጊዜም በእናት ላይ እንደሚያርፍ ከታሪኩ እንረዳለን።

መልክ ሳይለወጥ ጉድለቱ በዓይን ውስጥ ብቻ ቢሆንስ? ኦኩላር አልቢኒዝም የሚባለው ይህ ነው። የልጁ ቆዳና ጠጕር የወላጆቹን ይመስላል፤ ቆዳቸው በጠቆረ ሕዝቦች ዘንድማ ዓይኑም እንደ ሌላው ቡናማ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ሜላኒን የተባለው ቀለም በዓይኑ ውስጥ በሚገባ ስላልተዘጋጀ፥ አጥርቶ የሚያየው የሬቲና መካከል ሳይዳብር ይቀራል፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት ጅማቶችም ከሚገባው በላይ ይሻገራሉ። ስለዚህ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ብርሃን ያስቸግረዋል፤ የሩቅ ፊደልም ይጠፋበታል።

ይህ የተሰወረ ነገር የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ኔትልሺፕ በ1909 ዓ.ም. ጉድለቱ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ እንዴት እንደሚወረስ ጻፉ። በ1951 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐኪም ሃሮልድ ፎልስ የእናቶችን ዓይን መርምረው፥ ደኅና የሚያዩት እናቶች በሬቲናቸው ላይ ቀለም ያለበትና የሌለበት ዝንጕርጕር ምልክት እንዳላቸው አስታወቁ። በ1961 ዓ.ም. ሜሪ ላዮን፥ በሴት ሕዋስ ሁሉ ውስጥ ካሉት ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱ ሥራውን እንደሚያቆም በገለጹ ጊዜ የዝንጕርጕሩ ምክንያት ተረዳ። ጉድለቱን የሚያመጣውም ጂን በ1995 ዓ.ም. ተገኘ።

ከዚህ የተነሣ ዛሬ የምናውቀው ግልጽ ነው። ጂኑን የያዘች እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ጉድለቱን የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ ጉድለቱ ያለበት አባት ግን ለወንድ ልጆቹ አያወርስም፥ ሴቶች ልጆቹ ሁሉ ይሸከሙታል እንጂ። እንግዲህ ይህ የእናት ጥፋት አይደለም፤ እርግማንም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

ሕመሙ የሚያድን መድኃኒት ባይገኝለትም፥ እያደር እየከፋ ወደ ዕውርነት የሚወስድ አይደለም። መነጽር ዕይታን ፍጹም ባያደርገውም ይረዳል፤ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ከፀሐይ ይጋርዳሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው የሌሎች ማስተዋል ነው። ከሰሌዳው ማንበብ ያልቻለው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከመገሠጹ በፊት ወደ ፊት ወንበር ይቅረብ፤ ጽሑፉም ይጉላለት። አንገቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ቢያነብ፥ በዚያ አቅጣጫ የዓይኑ መወዛወዝ ጋብ ስለሚልለት ነውና «ቀና በል» አይባል።

ሐኪሞች የእናትን ዓይን ውስጥ እስኪመለከቱ ድረስ ምሥጢሩ አልተገለጠም ነበር። እኛም በውጭ መልክ ብቻ ከመፍረድ ብንቈጠብ፥ ብዙ ልጆች ያለ በደላቸው ከሚደርስባቸው ወቀሳ ይድናሉ።