ለመሰበር የተሠራች ብሎን

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ብሎን ነው። ርዝመቷ ከትንሿ ጣት አይበልጥም። ግን በእሷ ምክንያት አንዲት ትራክተር ቆማ፣ አንድ ማሳ አረም ሊውጠው ደርሶ ነበር።

አገሩ ቆቦ ነው። ከወልድያ ወደ አላማጣ ስትጓዙ ጎብዬንና ሮቢትን አልፋችሁ የምታገኟት ቆቦ። በስተምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ ዞብል፣ መሐሉ የማሽላና የጤፍ ሜዳ። በዚያ ሜዳ ላይ ዝናብ ስስታም ነው፤ ስለዚህ ገበሬው ደጋ ላይ የዘነበውን ይጠብቃል። ተራራው ሲያጓራ ከሰማ ሌሊትም ቢሆን አካፋውን ይዞ ይወጣል። የሆርማት ወንዝ ሞልቶ፣ የጎሊና ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ ጎርፉን በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ ጠልፎ፣ በቦይ መርቶ፣ ማሳው ላይ ያስተኛዋል። ከአባት ለልጅ የወረደ ጥበብ ነው፤ እኔ ባየሁት ቁጥር እደነቃለሁ። ጎርፉ ታዲያ ባዶ እጁን አይመጣም። ደለል ያመጣል፣ ድንጋይም ያመጣል። ደለሉ ማሽላውን ያሳድጋል፤ ድንጋዩ ሣር ውስጥ ተሸሽጎ ብረት ይጠብቃል።

አጎቴ ማሳው የጉድጓድ ውሃ ከደረሳቸው አንዱ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ካስቆፈራቸው ጥልቅ ጉድጓዶች በሚመጣ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል፣ ማንጎም ተክሏል። ውሃ ባለበት ግን አረም አለ፤ ከሁሉም የከፋው ፓርቲኒየም ነው። አበባ ሳያወጣ ካልታጨደ አንዷ ተክል ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ዘር ትበትናለች። በእጁ የነቀለው ሰው ቆዳው ያሳክከዋል። እናም አጎቴ ያገለገለች ትንሽ ትራክተር ከነማጨጃዋ ገዛ። ማጨጃዋ ከኋላ ትታሰርና፣ ፒቲኦ የሚሏት ዘንግ ስትዞር ስለቶቿ ሣሩን መሬት ለመሬት ይቆርጡታል።

አንድ ጠዋት ማሳው ዳር ሲያጭድ ስለቱ ድንጋይ አገኘ። ጓ! አለና ትራክተሯ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ወዲያ ማጨጃዋ ደረቅ እህል እንደሚፈጭ ወፍጮ ማጉረምረም ያዘች። አጎቴ ዘንጓን አቁሞ በትራክተሯ እየጎተተ ወደ ቤት አመጣት።

ሰፈሩ ሁሉ «አያ» የሚላቸው አንድ የድሮ መካኒክ አሉ። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ቆቦን ሁለቴ ሲያልፍባት የጋራዣቸው ዕቃ አልቆ፣ የተረፈቻቸው አንዲት የመፍቻ ሣጥን ናት። እሷን ይዘው መጡና ቁርቁራው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«አያ፣ የማርሹ ጥርስ ረግፎ ይሆን?» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ። መጀመሪያ የሞተሩን ቁልፍ ንቀልና ኪስህ ክተተው። ፎጣህንም ከትከሻህ አውርድ።»

እውነታቸውን ነው። ያቺ የፒቲኦ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ትዞራለች፤ በሰከንድ 9 ማለት ነው። የጋቢ ወይም የሽርጥ ጫፍ ከያዘች «ወየው» ለማለት እንኳ ጊዜ አትሰጥም። ማጨጃዋንም በክሪክ ካስነሱ በኋላ በክሪኩ አላመኑም፤ ወፍራም ግንድ ከሥር አስደገፉ።

ከማርሽ ሣጥኑ ዘይቱን በተቆረጠ ጀሪካን አንቆረቆሩት። ጥቂቱን በሁለት ጣታቸው አሽተው ወደ ፀሐይ አዞሩት፤ ብር የመሰለ ብናኝ ብልጭ አለ። ዘንጉን ይዘው ላይና ታች ነቀነቁት፤ ተንቀሳቀሰ። ሣጥኑን ከፍተው የማርሹን ጥርሶች አንድ በአንድ በጥፍራቸው ዳሰሱ። «ጥርሱ ደህና ነው፤ የሄደው ኩሽኔታው ነው» አሉ።

ኩሽኔታውን አውጥተው በናፍጣ አጠቡና ቀለበቱ ላይ ያለውን ቁጥር አስነበቡኝ፤ 6206። «መጨረሻ ያለውን 06 በ5 አባዛው» አሉኝ። 30። ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ 30 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ዕቃው የሚገኘው ወልድያ ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቁጥሩን ሳይዝ የሄደ ሰው የማይሆን ዕቃ ገዝቶ ይመለሳል። እኛ ቁጥሩን ለሚኒባስ ረዳት ሰጠነው፤ ማታ ይዞልን መጣ።

ሲገጥሙት ሳስተውል መዶሻው ኩሽኔታውን አልነካውም። በዘንጉ ልክ የሆነ አሮጌ ቧንቧ የውስጠኛው ቀለበት ላይ አስቀምጠው እሱን ቀስ እያሉ መቱ። የውጪውን ቀለበት ቢመቱት ኳሶቹ የሚሮጡበትን መንገድ ይሰረጉዱታል፤ አዲሱ ዕቃ ሳይሠራ ያረጃል። ስለቶቹንም ሁለቱንም እኩል ሳሉ፤ አንዱ ከከበደ መንቀጥቀጡ ኩሽኔታውን መልሶ ይበላዋል።

አሁን ወደ ብሎናችን እንምጣ። አያ ዘንጉንና ማጨጃዋን የምታያይዘውን ብሎን ፈትተው ራሷን በጨርቅ ጠረጉና «ጥፋተኛዋ ይቺ ናት» አሉ። ራሷ ላይ 10.9 ተጽፏል። ለካ ከአጎቴ በፊት የነበረው ባለቤት የቀድሞዋ ብሎን ስትሰበርበት፣ ሁለተኛ እንዳትሰበር ብሎ ጠንካራ ገጥሞ ኖሯል። የዚህች ማጨጃ መመሪያ የሚያዘው ግን ለስላሳዋን ነው፤ 4.6 የሚል የተጻፈባትን። እሷ ለመሰበር የተሠራች ናት። ስለቱ ድንጋይ ሲመታ እሷ ትቆረጣለች፣ ዘንጉ ብቻውን ይዞራል፣ ኩሽኔታውና ማርሹ ይተርፋሉ። 10.9 ከእሷ ሁለት ዕጥፍ ተኩል ይጠነክራል። ጠንካራዋ አልሰበር ስትል ዱላው ወደ ውስጥ አለፈ።

እዚህ ላይ የሆዴን ልናገር። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ሲፈቅድ ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ፤ የቆቦ ገበሬ ይገባዋል። ነገር ግን ትራክተር ሸጦ ስለ ብሎኗ አለመናገር በደል ነው። መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ወንበር ሥር ከተጣለ ገበሬው ከየት ይወቀው? አንድ ከሰዓት በኋላ ማሳው ላይ ቆሞ በአማርኛ የሚያሳየው ሰው ቢያገኝ ይህ ሁሉ ወጪ ባልመጣ ነበር።

አጎቴ ለስላሳ ብሎኖች ከነዳዷቸው ገዝቶ በወተት ጣሳ አድርጎ ከትራክተሯ መቀመጫ ሥር አሰራቸው። ሣጥኑ አዲስ ዘይት ጠጣ፣ መጋጠሚያዎቹ ግራሶ በሉ፣ ማጨጃዋም ወደ ማሳዋ ተመለሰች። ሁለተኛውን መስመር ሳትጨርስ ሌላ ድንጋይ መታች። ጧ! አለችና ስለቱ ቆመ። አያ ከሩቅ ሰምተው «ተሰበረች?» ብለው ጮኹ።

«ተሰበረች!» አለ አጎቴ፣ እየሳቀ። ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ከጣሳው አንዲት ብሎን አወጣ። ዳዶዋን እስኪያጠብቅ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ድንጋዩን ተሸክሞ ከማሳው ዳር ጣለና ማጨዱን ቀጠለ።