ጸጥ ያለ ቦታን በምናብ መጎብኘት

ጸጥ ያለ ቦታን በምናብ መጎብኘት፣ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሣ የሚያሳርፈውን የተፈጥሮ ስፍራ በዓይነ ሕሊናው እያየ፣ ድምፁን እየሰማ፣ ሽታውን እያሸተተ የሚቆይበት የመረጋጊያ ልምምድ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጭንቀትን ለማርገብ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ያለውን ፍርሃት ለመቀነስ፣ እንዲሁም ታካሚው ከባድ ትዝታ ከመንካቱ በፊት መመለሻ እንዲኖረው ይጠቀሙበታል። የሕክምና አጋዥ እንጂ ራሱን የቻለ ፈውስ አይደለም።

ልምምዱን የፈጠረው አንድ ሰው አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሐንስካርል ሎይነር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባዘጋጁት ዘዴ ታካሚው ጋደም ብሎ መጀመሪያ መስክ እንዲያስብ ይደረጋል፤ ከዚያ ጅረት ይከተላል፣ ተራራ ይወጣል። ለሎይነር ግን መስኩ ማረፊያ ብቻ አልነበረም፤ የታካሚው ውስጣዊ ስሜት የሚገለጥበትም ጭምር እንጂ። ደቡብ አፍሪካዊው ጆሴፍ ዎልፒ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው ሰውነቱን አፍታቶ የሚፈራውን ነገር ደረጃ በደረጃ በምናቡ እንዲጋፈጥ የሚያደርግ ሕክምና አቀረቡ። አሜሪካዊቷ ፍራንሲን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያዳበሩት፣ ዓይንን ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ የሚታወቀው የሥነ ልቦና ጠባሳ ሕክምና ደግሞ ስምንት ምዕራፎች አሉት፤ ጸጥ ያለው ቦታ የሚለመደው በሁለተኛው፣ በዝግጅቱ ምዕራፍ ነው።

ሎሚ ሲቆረጥ ያሰበ ሰው አፉ ውኃ ይሞላል። ሰውነት በምናብ ለመጣ ነገርም መልስ ይሰጣል፤ በምናብ ማየት በዓይን ማየት የሚጠቀምባቸውን የአንጎል ክፍሎች በከፊል እንደሚጋራም በአንጎል ምስል ጥናቶች ታይቷል። ስለዚህ የልምምዱ ጉልበት ያለው በቦታው ውበት ሳይሆን በዝርዝሩ ነው።

ጣና ዳር ዘጌን የሚያውቅ ሰው «ሐይቁ ያምራል» ብሎ ቢጀምር ብዙ አይርቅም። ይልቅ ከቡናው ጥላ ሥር ያለውን የእግር መንገድ ይያዝ። የረገፈው ቅጠል ከላይ ደርቋል፣ ከሥሩ ግን እርጥብ ነው፤ ሲረግጡት ይሰምጣል። ብርሃኑ በዛፎቹ መሃል ሾልኮ መሬቱ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። አረፍ ሲል የድንጋዩ ቅዝቃዜ በልብሱ ዘልቆ ይሰማዋል። ከወደ ታች ውኃው ዳሩን መታ እያደረገ ይመለሳል። ጣዕም ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ቢዘለልም አይጎዳም።

ሽታ ለየት ያለ ነው። መልእክቱ እንደ ሌሎቹ ስሜቶች መጀመሪያ ታላመስ በተባለው፣ የስሜት መልእክቶችን በሚያስተላልፈው የአንጎል ክፍል በኩል ሳያልፍ ስሜትና ትዝታ ወደሚያዙባቸው የአንጎል ክፍሎች ይደርሳል። ሆኖም ለብዙ ሰው ሽታን በምናብ መጥራት ከምስል ይከብዳል። «ምን ይሸትሃል?» ከማለት «አጠገብህ ምን እርጥብ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ምስል ጨርሶ የማይመጣላቸው ሰዎችም አሉ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን እ.ኤ.አ. በ1880 ሰዎች የቁርስ ገበታቸውን በሐሳባቸው እንዲያዩ ጠይቀው ይህን ልዩነት መዝግበዋል፤ «አፋንታዚያ» የሚለው ስም የወጣለት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እንዲህ ላለው ሰው «ይታይህ» እያሉ መወትወት ትርፉ ድካም ነው፤ በድምፅና በመዳሰስ መጀመር ይችላል።

ከዚህ ልምምድ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚጠቀሰው የተመራማሪው ሮጀር አልሪች ጥናት (እ.ኤ.አ. 1984) ነው። ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያገገሙ 46 ታካሚዎች ተነጻጽረው፣ መስኮታቸው ወደ ዛፎች የሚያሳያቸው የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ያ ግን በዓይን የታየ ዛፍ ነው፤ ለምናቡ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ አያስኬድም።

በየመመሪያው ተዘጋጅቶ የሚቀርበው የባሕር ዳርቻ ለሁሉም አይሆንም። ቀይ ባሕርን በታጨቀች ጀልባ ተሻግሮ የመን ለገባ ስደተኛ የማዕበል ድምፅ ዕረፍት ላይሆን ይችላል። ቦታውን ራሱ ባለቤቱ ይምረጥ፤ ከቅርብ ሰዎቹ ማንንም ባያስገባበት ይመረጣል፣ ሰው ይጣላልና፣ ይሞታልም። ዓይን መጨፈን የሚያስፈራው ሰው ገልጦ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ ይለማመዳል። ቦታው ሲለመድ አንድ ቃል ይሰጠዋል፤ ለዘጌው ሰው «ጥላ» ሊሆን ይችላል። ቃሉ በደህና ቀን ደጋግሞ ካልተለመደ በጭንቅ ሰዓት ሲጠሩት አይመጣም።