ብረትን በቀለሙ ያወቁ ባለእጆች

ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ፣ የሆለታና የአምቦ መንገድ የሚያልፍባት ቡራዩ፣ የጅማውም መንገድ የሚያቋርጣት ሰበታ ሦስቱም የአዲስ አበባ ደጆች ናቸውና፣ ከሰሜን፣ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ወደ መዲናይቱ የመጣ ብዙ ጦር መሣሪያውን ተሸክሞ በእነርሱ ማለፉ የመልክዐ ምድሩ ግድ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች የተመላለሱት በቡራዩ መንገድ ነው፤ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሣ በፋሺስት የተያዘችውን አዲስ አበባን ለማስለቀቅ በክረምቱ ዝናብ ከሰላሌ ሲዘምቱም ፊታቸው የነበረው የሱሉልታ መንገድ ነው። መሣሪያውን ስለ ተሸከሙት አርበኞች ብዙ ተጽፏል፤ መሣሪያው ሲበላሽ ስላደሰው እጅ ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ያን እጅ ማስታወስ ተገቢ ይመስለናል።

በእነዚህ አገሮች ኦሮሞው ቱምቱ፣ አማራው ቀጥቃጭ ወይም ባለእጅ የሚለው ባለሙያ፣ ከቆዳ በተሰፋ ወናፍ ከሰሉን እያናፋ፣ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ እየቀጠቀጠ፣ ማረሻውንና ማጭዱን፣ ጦሩንና ጎራዴውን ሲሠራ ኖሯል። ጠመንጃ ወደ አገር በገባ ጊዜም የጎበጠውን ያቃና፣ የላላውን ያጠበቀ፣ የተሰበረውን ክፍል በሞረድ አስተካክሎ የተካ ይኸው እጅ ነበረ። መምህሩ የእሳት ቀለም ነው፤ ብረት ሲግል መጀመሪያ ጥቁር ቀይ፣ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ፣ ከዚያም ብርቱካንማና ቢጫ ይሆናልና፣ ባለእጁ መቼ እንደሚመታው፣ መቼም ውኃ ውስጥ እንደሚነክረው የሚያውቀው በዓይኑ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔር ባስልኤልን ለግብረ እድ በጥበብና በማስተዋል መንፈስ እንደ ሞላው ከኦሪት ዘፀአት እያነበበች ስታስተምር፣ ሕዝቡ ግን ባለእጁን በቡዳነት እያማ ከማዕዱና ከጋብቻው ማራቁ ትልቅ በደል ነበረ።

የሙያው ዋጋ ከሁሉ አስቀድሞ የተገለጠው ለነገሥታቱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ከአገሩ ሠራተኞች ጋር ሰብስበው ክብደቱ 7 ቶን የሚጠጋውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣውን ስዊሳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ እንዲሠራላቸው ባዘዙት ጊዜ፣ ከውጭ ማስመጣቱ በዋጋ እንደሚቀል ቢያስረዳም፣ ንጉሡ ግድ ብለው እንዳሠሩት ይተረካል። በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ባለእጁንና ሸማኔውን በሥራቸው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ደነገጉ።

የመሣሪያው ዓይነት ሲለወጥ የጥገናውም ጥበብ ተለወጠ። ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ ባለ 11 ሚሊሜትር ጥይቱን አንድ በአንድ በእጅ የሚጎርስ ስለ ነበረ አሠራሩ ቀላል ነበር፤ የተተኮሰውም ቀለህ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደ ገና ያገለግል፣ ጥይቱም በየገበያው እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ከካዝና በሚጎርሰው ሽጉጥ ግን በካዝናውና በበርሜሉ መካከል ያለችው አጭር ተዳፋት የሥራው ሁሉ መሠረት ሆነች፤ ጥይቱ ከካዝናው ተገፍቶ ሲወጣ አፍንጫው በእርስዋ ላይ ተንሸራቶ ወደ በርሜሉ ይገባልና፣ ተዳፋቲቱ ከተጫረች ወይም ከጎደጎደች ጥይቱ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል።

ይህች ተዳፋት ከብረት በተሠራችበት ዘመን ባለሙያው በጥንቃቄ ወልውሎ ያድናት ነበር። ነገር ግን በ1942 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ የወጣው ኮልት ኮማንደር የተባለው ሽጉጥ፣ ኋላም የምዕራብ ጀርመን ጦር የታጠቀው ዋልተር ፒ1 ክብደት ለመቀነስ አካላቸው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሲሠራ፣ ጥንታዊው ዕውቀት ከማያውቀው ማዕድን ጋር ተገናኘ። የአሉሚኒየሙን ገጽ ከመፋቅ የሚጠብቀው ከላዩ ያለው ስስ ጠንካራ ቆዳ ነውና፣ ሞረድ ያን ቆዳ ከገፈፈው ከሥር ያለው ለስላሳ አካል በየጥይቱ አፍንጫ እየተቦረቦረ ይሄዳል፤ ሞራጁም ሳያስበው የተዳፋቲቱን ማዕዘን ያዛባል። በእሳት ልበይድህ ያለው እንደ ሆነ ደግሞ፣ ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ቅይጡ ከዚያም ያነሰ ሙቀት ይበቃዋል፤ ከመቅለጡ በፊትም እንደ ብረት ቀልቶ ምልክት አይሰጥም፤ ባይቀልጥ እንኳ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ በሙቀት ያጣዋል። ስለዚህ የዘመኑ ጠበብት የተጎዳውን ስፍራ በማሽን ቆርጠው በልኩ የተቀረጸ የብረት ቁራጭ ይተክሉበታል፣ ወይም ተዳፋቲቱ ከራሱ ጋር ተያይዛ የተሠራችበትን በርሜል ይገጥሙለታል፤ ይህም ልኬት፣ መሣሪያና የማዕድን ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በቀለም የሚያነበው ዓይን በዚህ ማዕድን ፊት መታወሩ የአባቶችን ሙያ አያሳንሰውም፤ በትምህርት መቀጠል እንደሚገባው ግን ያስረዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የጦር መሣሪያን ጉዳይ በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ስላዋለው፣ የሽጉጥ ጥገና ፈቃድ ላለው ባለሙያ ብቻ የሚተው ነው፤ የማዕድንን ጠባይ ማወቅ ግን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ማረሻ፣ በርና የመኪና ዕቃ ለሚበይደው ወጣት ሁሉ ያስፈልገዋል። የምኒልክ አዋጅ ስድብን ከልክሏል፤ ክብርን ማጽናት ግን የትምህርት ሥራ ነውና፣ የሙያ ትምህርት ቤቶቻችን የቱምቱን የዓይን ጥበብ ከሙቀት መለኪያውና ከልኬቱ ጋር አጣምረው ቢያስተምሩ፣ ለዘመናት ክብር የተነፈገውን ባለእጅ በሚገባው መንገድ ያከብሩታል።