ቢትኮይን ስትልኩ ማን ያያችኋል? ስለ ኖድ፣ ፒርና የግል ምስጢር ማወቅ ያለባችሁ

«ቢትኮይን ላይ ስም አይጻፍም፤ ስለዚህ ማንም አያውቀኝም» የሚል ብዙ ሰው አለ። ግማሹ እውነት ነው፤ መዝገቡ ላይ ስም የለም። ግን ፍኖተ ሰላም ሆናችሁ ቡሬ፣ ስልካችሁ ኔትወርኩን የሚያገኘው በሌሎች ሰዎች ኮምፒውተር በኩል ነው። እነዚያ ኮምፒውተሮች ስለ እናንተ ምን ያውቃሉ? እንየው።

👉 ኔትወርኩ እንዴት ይሠራል?

ቢትኮይን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዋና መሥሪያ ቤት ኖሮት አያውቅም። ሶፍትዌሩን የሚያሠሩ ኮምፒውተሮች ናቸው ያሉት፤ ኖድ ይባላሉ። አንድ ኖድ በቀጥታ የሚያወራቸው ሌሎች ኖዶች ደግሞ የእሱ ፒር ናቸው። ክፍያ ስትልኩ ዋሌታችሁ ለአንድ ወይም ለጥቂት ኖዶች ይነግራል፤ እነሱ ለፒሮቻቸው፣ እነዚያም ለሌሎች። ልክ እንደ ገበያ ቀን ወሬ ነው፤ በሴኮንዶች ውስጥ ዓለምን ያዳርሳል።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ወሬው ከማን እንደተነሳ ማወቅ የፈለገ ሰው በየጥጉ ሰው አስቀምጦ ማን ቀድሞ እንዳወራ ያዳምጣል። ኔትወርኩ ላይም ብዙ ኖድ ከፍቶ «ይህን ክፍያ መጀመሪያ የላከልኝ የትኛው አይፒ አድራሻ ነው?» ብሎ መመዝገብ ይቻላል። አይፒው የሞባይል ዳታ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው በመታወቂያ የተመዘገበ ሲም ካርድ አለ።

👉 የስልክ ዋሌትስ?

የቢትኮይን ሙሉ መዝገብ ከ600 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ስልክ አይችለውም። ስለዚህ አብዛኛው የስልክ ዋሌት የሌላ ሰው ሰርቨር ይጠይቃል፦ «እነዚህ አድራሻዎች ላይ ስንት አለ?» ይላል። ሰርቨሩ ያኔ አድራሻዎቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን ከነአይፒው ይገምታል። ቁልፉ ስልካችሁ ላይ ስላለ ገንዘቡን መውሰድ አይችልም፤ ማታለል ግን ይችላል።

ይህ የሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኤሌክትረም የተባለውን ዋሌት የሚጠቀሙ ሰዎች ገንዘብ ሲልኩ «ዋሌትህን አድስ» የሚል መልእክት ከነሊንኩ ይመጣላቸው ጀመር። መልእክቱን የሚልኩት አጭበርባሪዎች የከፈቷቸው ሰርቨሮች ነበሩ። ሊንኩን ተከትለው የውሸቱን ዋሌት የጫኑ ሰዎች ከ200 በላይ ቢትኮይን ተዘርፈዋል።

👉 ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ዋሌቱን የምታወርዱት ከዋናው ገጹ ወይም ከታወቀ የአፕ መደብር ብቻ ይሁን። ዋሌቱ ውስጥ በሚመጣ ሊንክ በጭራሽ አታድሱ።

2. ገንዘብ በተቀበላችሁ ቁጥር አዲስ አድራሻ ተጠቀሙ። አንድ አድራሻ ቴሌግራም ላይ ለጥፋችሁ ስትቀበሉበት ከከረማችሁ ሂሳባችሁን ለሁሉም አሳያችሁ ማለት ነው።

3. ዋሌታችሁ በቶር መገናኘት ከቻለ ምርጫውን ክፈቱ። ቶር አይፒያችሁን ከሰርቨሩ ይደብቃል። በቀጥታ እምቢ ካለ «ብሪጅ» የሚባለውን ሞክሩ። ነፃ ቪፒኤን ግን ምስጢሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ አሁን የሚያያችሁ የቪፒኤኑ ባለቤት ነው።

4. ኮምፒውተር ላይ የራሳችሁን ኖድ ካሠራችሁ አድራሻችሁን ማንንም አትጠይቁም። ቢትኮይን ኮር በራሱ 10 ፒሮችን ይመርጣል፤ 8ቱ ክፍያም ብሎክም፣ 2ቱ ብሎክ ብቻ ይለዋወጣሉ። ከውጭ የሚመጡት ተጨምረው ጣሪያው 125 ነው። ዲስክ ካነሰ አሮጌውን መዝገብ እያጠፋ እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል፤ ሆኖም መጀመሪያ ሁሉንም ማውረድ ግድ ስለሆነ በሞባይል ጥቅል አይሞከርም።

5. የማታውቁት ሰው «ይህን ኖድ ጨምር፣ ፈጣን ነው» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ፒሮቻችሁ ሁሉ የአንድ ሰው ከሆኑ የምታዩት እሱ የፈለገውን ብቻ ነው።

6. ከ27.0 ስሪት ጀምሮ ቢትኮይን ኮር ከፒሮቹ ጋር የሚያወራውን ይመሰጥራል። ይህ ከመሃል የሚያዳምጠውን ይከለክላል፤ ፒሩ ራሱ ግን አይፒያችሁን ያያል።

👉 ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ፒር ከሌለ ዋሌቱ ዝም ይላል፤ ገንዘቡ ግን አልጠፋም። የተላከላችሁ ካለ መዝገቡ ላይ ይቆያል፣ መስመር ሲመለስ ታዩታላችሁ። 12ቱ ወይም 24ቱ ቃላት ወረቀት ላይ ከተጻፉ ስልኩ ቢሰበርም ችግር የለም። አደገኛው በፒቱፒ ሽያጭ መሃል መቋረጡ ነው፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ እናንተ መልስ መስጠት አትችሉም። ስለዚህ መስመር በሚቆራረጥበት ቀን አትጀምሩ።

👉 ኔትወርኩ የማይደብቀው

ገንዘቡ ኤክስቼንጅ ላይ ከሆነ ኖድም ቶርም አይጠቅማችሁም፤ ድርጅቱ መታወቂያችሁን ይዟል። በፒቱፒ በብር ስትሸጡ ገዢው የባንክ ስማችሁን ያያል፣ ባንኩም ዝውውሩን ያያል። ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በቢትኮይንና በመሰሎቹ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል፤ ስትጣሉ አቤት የምትሉበት ቦታ ጠባብ ነው።

ባጭሩ፣ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዋሌቴ አሁን የሚያወራው ከማን ጋር ነው? መልሱን የማታውቁት ከሆነ ሴቲንጉን ክፈቱና «ሰርቨር» ወይም «ኔትወርክ» የሚለውን ዛሬውኑ እዩት።

ለሚጠቀም ጓደኛችሁ አጋሩት።