ከቅጥራን እስከ ሬዲዮ ሞገድ

የአውሮፓ ኮሚሽን በ2016 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዲጂታል የፈጠራ ማዕከላት በየአካባቢው እንዲስፋፉ ያቀረበው ሐሳብ ሲነገር ቀላል ነበር። አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት አዲሱን መሣሪያ የሚሞክርበት፣ ሠራተኞቹን የሚያሠለጥንበት፣ የገንዘብ ምንጭ የሚጠቆምበትና ከመሰሎቹ ጋር የሚገናኝበት ደጅ በቅርቡ ይኑረው ነው ነገሩ። ከባዱ ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማዕከሉ የት ይተከል? የትኛው አፈር ዘሩን ያበቅላል፣ የትኛውስ ይቀብረዋል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ሠንጠረዦች ሞልተዋል። የአንድ አካባቢ የምርምር ወጪ ይቆጠራል፤ የተመራቂው ብዛት፣ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫው፣ አዲስ ምርት ያወጡት ድርጅቶች ድርሻ ይደመራል። በመጨረሻም አካባቢዎች ከመሪዎቹ እስከ ጀማሪዎቹ በአራት እርከን ይመደባሉ። ቁጥሮቹን አልንቅም። ሆኖም ቁጥር ቦታውን በደህና ቀኑ የሚያነሣ ፎቶግራፍ ነው። አበው «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» እንዳሉት፣ የአንድ አካባቢ እውነተኛ ጥንካሬ የሚታወቀው ዋናው ምሰሶ በወደቀ ማግስት ይመስለኛል። ስለዚህም ምሰሶዋ ዓለም እያየ የወደቀባትን አንዲት ከተማ ታሪክ ልተርክ እወዳለሁ።

ኦውሉ ትባላለች። ከፊንላንድ ዋና ከተማ ከሄልሲንኪ ወደ ሰሜን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ክረምት በበረዶ በሚዘጋ ባሕር ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የስዊድን ንጉሥ በ1605 መሠረቷት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ስሟ በቅጥራን ናኘ። የአገሩ ገበሬ የጥድ እንጨት በጉድጓድ ውስጥ ቀስ በቀስ እያጨሰ ቅጥራን ያወጣል፤ በርሜሉን በረጃጅም ጀልባዎች ጭኖ፣ ፏፏቴውን ተሻግሮ፣ ወደ ወደቡ ያወርዳል። የእንጨት መርከቦች እንዳይበሰብሱ የሚቀቡት ይህንኑ ነበርና ኦውሉ በዓለም ባሕሮች ላይ በማይታይ እጅ ትኖር ነበር። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1854፣ የእንግሊዝ መርከቦች መጥተው የቅጥራን መጋዘኖቿንና መርከቦቿን አቃጠሉ። ከተማዋ መልሳ ሠራች። የእንጨቱ መርከብ በብረት መርከብ ሲተካ ግን ቅጥራኑን የሚፈልግ ጠፋ። ያንን ማንም መልሶ ሊሠራው አልቻለም።

ሁለተኛው ሕይወቷ የተጀመረው በትምህርት ነው። የፊንላንድ ሹማምንት በ1958 በዚያ ሩቅ ሰሜን ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም ወሰኑ። ዓላማው ከሁሉ በፊት ወጣቱ ወደ ደቡብ እንዳይፈልስ ነበር። በ1974 የአገሪቱ የቴክኒክ ምርምር ማዕከል የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉን በዚያው አቋቋመ። በ1982 ደግሞ በስካንዲኔቪያና በአካባቢዋ አገሮች የመጀመሪያ የሆነው የቴክኖሎጂ መንደር ተጀመረ፤ ከተማዋም ራሷን «የቴክኖሎጂ ከተማ» ብላ ሰየመች። ከዩኒቨርሲቲው ውሳኔ እስከ ቴክኖሎጂ መንደሩ 24 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ዛሬ ማዕከል መርቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ፍሬ የሚጠይቁ ሰዎች ይህን ቁጥር ልብ እንዲሉት እሻለሁ።

ፍሬውም መጣ። በአጎራባቿ በኬምፔሌ በ1977 የተቋቋመው ፖላር የአትሌቶችን የልብ ምት በገመድ አልባ መሣሪያ መለካት ቻለ። በ1988 ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ሰው በዩኒቨርሲቲው ሳለ፣ ሰዎች በኮምፒዩተር በቡድን የሚወያዩበትን አይአርሲ የተባለ ዘዴ ፈጠረ። ከሁሉ የገዘፈው ግን ኖኪያ ነበር። ኩባንያው በኦውሉ የሬዲዮ ምሕንድስና ሥራውን አስፋፋ፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ዘመን ሲመጣም ከተማዋ ከዋነኞቹ አእምሮዎቹ አንዷ ሆነች። በዚያ ዘመን የአካባቢ ፈጠራን የሚያጠና ሰው ሁሉ ኦውሉን እንደ ተአምር ይጠቅሳት ነበር።

ከዚያ ምሰሶው ተናጋ። ኖኪያ በ2011 የራሱን የስልክ ሥርዓተ ክወና ትቶ የማይክሮሶፍትን ያዘ። በ2014 የስልክ ክፍሉ በሽያጭ ለማይክሮሶፍት ተላለፈ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማይክሮሶፍት የኦውሉን የምርምርና የልማት ክፍል እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ 500 ያህል የሥራ ቦታዎች በአንድ ማስታወቂያ ታጠፉ። ገመድ አልባ ቺፕ የሚሠራው ብሮድኮምም በዚያው ሰሞን ከዘርፉ ወጣ። ይህችን ከተማ በአንድ ኩባንያ ስም ብቻ የሚያውቃት ሰው «አበቃላት» ቢል አይፈረድበትም ነበር።

አላበቃላትም። ለምን? እኔ ሦስት ምክንያት አያለሁ።

አንደኛው፣ እውቀቱ ከኩባንያው ስም የሰፋ መሆኑ ነው። የኦውሉ መሐንዲስ የሚያውቀው የሬዲዮ ሞገድን ነው፤ ስልክ የሞገዱ አንድ መገለጫ ብቻ ነበር። ስልኩ ሲወድቅ ያው እውቀት ወደ ኔትዎርክ ጣቢያዎች፣ ወደ ወታደራዊ ሬዲዮ፣ ወደ ጤና መሣሪያ ዞረ። እንቅልፍን በጣት ቀለበት የሚለካው ኦውራ በ2013 የተቋቋመው በዚያው ከተማ ነው።

ሁለተኛው፣ ምሰሶው ብቻውን ያልቆመ መሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲው፣ የምርምር ማዕከሉና ማዘጋጃ ቤቱ የኖኪያ ባለሟሎች አልነበሩም፤ ኖኪያ ሲያነጥስ ሥራቸው አልቆመም። የስድስተኛውን ትውልድ ገመድ አልባ ግንኙነት የሚመረምረው ትልቅ ፕሮግራም በ2018 የተጀመረው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሦስተኛው፣ ለተሰናባቹ ድልድይ መዘርጋቱ ነው። ኖኪያ ራሱ ከ2011 እስከ 2013 ባካሄደው ፕሮግራም የራሱን ሥራ ለሚጀምር ተሰናባች እስከ 25,000 ዩሮ ይሰጥ ነበር። በከተማዋም ከ2014 ጀምሮ ሥራ ፈጣሪዎች በበረዶ በተቆረጠ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ብርዱን እስከቻሉ ድረስ ብቻ፣ ሐሳባቸውን ለባለሀብት የሚያስረዱበት ውድድር ይካሄድ ጀመር። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራ ያጣች ከተማ ሐፍረትን እንዴት እንደምታባርር ያሳያል። ሁሉም ዳነ ማለቴ ግን አይደለም። ዕድሜው የገፋ መሐንዲስ በሌላ ሙያ እንደገና ጀማሪ መሆን ነበረበት፤ ከተማዋን ጥሎ የሄደም አለ።

ይህን ሳስብ ጋፋት ትዝ ትለኛለች። ኦውሉን ያቃጠለው ያው የክሪሚያ ጦርነት ዝናው እስከ እኛ ደርሶ፣ አፄ ቴዎድሮስ ትልቁን መድፋቸውን በዚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም «ሴባስቶፖል» አሉት። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው፣ ኢትዮጵያውያንም ሙያውን እንዲለምዱ አድርገው፣ በርካታ ቶን የሚመዝን መድፍ አስቀለጡ። እንደ ማንኛውም የፈጠራ ማዕከል ቢለካ፣ ባለሙያ ነበረ፣ ምርት ነበረ፣ የበላይ አካል ፈቃድም ከልክ በላይ ነበረ። ዳሩ ግን ሁሉም በአንድ ሰው ላይ ቆሞ ነበር። ንጉሡ በ1868 በመቅደላ ሲወድቁ ምድጃውም ጠፋ። ከባለሙያዎቹ አንዱ ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት ከፈተ። መድፉ በመቅደላ አምባ ላይ ቀረ፤ እውቀቱ ባሕር ተሻገረ። የጋፋት ጉድለት ብልኀት ወይም ድፍረት አልነበረም፤ ምሰሶው ሲወድቅ የሚይዛት ሁለተኛ ምሰሶ አለመኖሩ ነበር።

አገራችንም በ2020 «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ አጽድቃለች፤ ከዚያም ቀደም ብሎ በ2011 አይስአዲስ ለወጣት ፈጣሪዎች ደጁን ከፍቶ ነበር። ማዕከል በተመረቀ ቁጥር የምንሰማው የኮምፒዩተሩን ብዛትና የሕንፃውን ስፋት ነው። እኔ ብጠየቅ ሌሎች ጥያቄዎችን አስቀድማለሁ። ለጋሹ ነገ ቢሄድ ኪራዩን ማን ይከፍላል? እዚህ የሠለጠነው ልጅ ሥራው ቢዘጋ፣ አውሮፕላን ሳይሳፈር የሚያንኳኳው ሁለተኛ በር ይኖረዋል? በአዳማ ያለው ብረታ ብረት ቤት፣ በባሕር ዳር ያለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማዕከሉን ያውቀዋል? ከአቅራቢያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ጋርስ በስም ይተዋወቃሉ?

እነዚህ ጥያቄዎች በሠንጠረዥ ለመሙላት አይመቹም። በቦታው ተገኝቶ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ፣ አንድ በአንድ መጠየቅን ይሻሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ድሩን ሳይሆን አንበሳውን መቁጠር ስለሚቀለን ግን ግምገማችን ብዙ ጊዜ በአንበሳው ያበቃል። ኦውሉን ያተረፋት ድሩ ነው። አንበሳው ከሄደ እነሆ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው።